መሐንዲስ ለጠፋባቸው ክቡር ዋና ዳይሬክተር

አዲስ ከተማ፣ መርካቶ፤ መስከረም 5 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለክቡር የቦይና የውስጥ መንገድ መምሪያ ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጭቃ ሳይነካው ለከረመው ጥቁር ጫማዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በዚህ መጽሔት ላይ የመርካቶን ወሬ እየለቃቀምኩ የማቀርብ አስናቀው የተባልኩ ሰው ነኝ። ክቡርነትዎ መጽሔታችንን እንደማያነቡ፣ ክብርት ባለቤትዎ ግን በየሳምንቱ እንደሚያስገዙ ከአዟሪው ስለሰማሁ፣ ደብዳቤዬ ከምሳ ጋር አብሮ እንደሚቀርብልዎ እተማመናለሁ።

የምጽፈው አንድ ጥያቄ እረፍት ስለነሳኝ ነው። በበርበሬ በረንዳ ሠላሳ ዓመት የነገዱት ጎረቤቴ እትዬ ሠርኬ ሙሉብርሃን የምትባል ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን በማዕረግ አልፋ ኢንጂነሪንግ ካልገባሁ ብላለች፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። እናትየው ደግሞ «አስናቀው፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ልላካት ወይስ እዚሁ ሱቅ ላስቀምጣት?» ብለው ከጠየቁኝ እነሆ ስምንት ቀን ሆነኝ። ጠዋት «ይላኳት» እልና ከሰዓት በኋላ «ኧረ ትንሽ ይቆዩ» እላለሁ፤ ሲያዩኝ ደግሜ እንዳልለዋውጥባቸው ብዬ በሲኒማ ራስ በኩል ዞሬ ቤቴ መግባት ጀምሬያለሁ። እንዲህ እንዳወላውል ያደረገኝ ሌላ ሳይሆን የልጅቷ ታላቅ ወንድም፣ የክቡርነትዎ ታማኝ ሠራተኛ ዘውገ ነው፤ ነገሩን በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

1ኛ/ መንግሥት ዘውገን ያለ ክፍያ አስተምሮ፣ አብልቶና አሳድሮ በምህንድስና አስመርቆታል፤ ለዚህ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ይሁን እንጂ ልጁ አምስት ዓመት ሲማርና አንድ ዓመት በወለጋ ጠቅላይ ግዛት በአስተማሪነት ሲያገለግል፣ ባል የሞተባቸው እናቱ ጆንያውን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመዋል፤ ከሁለቱ መደባቸው አንዱን ሸጠዋል፤ ስላይድ ሩል የሚባለውን ማስሊያ ለመግዛትም የጆሮ ወርቃቸውን አውጥተዋል። ኮረሪማ ሻጯ ጎረቤታቸው ሁሪያ ያን ዕቃ አገላብጣ ካየችው በኋላ «ይኼ ሁሉ ብር ለማስመሪያ? እትዬ፣ አታለውዎታል!» ብላ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ የገባው የዘውገ ጓደኛ ወርቁ ግን ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው፤ በሴይቼንቶ መኪናው ሲያልፍም ለእትዬ ሠርኬ ጡሩንባ እየነፋ ሰላምታ ይሰጣል። እሳቸው አጸፋውን ይመልሱና ወዲያው ፊታቸውን ወደ ሚዛኑ ያዞራሉ።

2ኛ/ ዘውገ ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ ክቡርነትዎ በደስታ ተቀብለውታል። ለመሐንዲስ የተያዘ በጀት ስላልነበረ ብቻ በመዝገብ ቤት ረዳት ጸሐፊነት ተመድቦ፣ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በገቢና በወጪ ደብዳቤ ላይ ቁጥር ሲጽፍና ማኅተም ሲመታ ኖሯል። የድልድይ ንድፍ ሲያወጣ የለመደ እጅ ስለሆነ ቁጥሮቹ እጅግ ቀጥ ብለው እንደሚሰለፉ ሰምተን ኮርተናል።

3ኛ/ ባለፈው ግንቦት የበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች ጎርፉ እየገባ በርበሬያቸውን እንዳያሻግትባቸው ቦይ ይቆፈርልን ብለው ለክቡርነትዎ አመለከቱ። አቤቱታውን ተቀብሎ ቁጥር የሰጠው ዘውገ ነው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ገብቶ፣ ሁሪያ ኮረሪማዋን በወንፊት ከውሃ ስታጠልል መልስዎ ደረሰን። ደብዳቤው ጥያቄያችን ተገቢ መሆኑን ካመነ በኋላ፣ ቦታውን የሚለካ መሐንዲስ በመምሪያው ስለሌለ እስኪገኝ ድረስ በትዕግሥት እንድንጠባበቅ ያዘናል። ለዚህም ደብዳቤ ወጪ ቁጥር የሰጠው ዘውገ ነው፤ ሰፈሩ ስለሆነም እግረ መንገድህን አድርስላቸው ተብሎ ያመጣውም እሱ ነው፤ ከጭቃው መካከል ቆሞ ጮክ ብሎ ያነበበልንም እሱ ነው።

አንብቦ ሲጨርስ ሁሪያ ሳቋ ገንፍሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ሠርኬ ግን አልሳቁም፤ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አይተው «አንተስ ታዲያ ምንድን ነህ?» አሉት። ዘውገ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። ክቡር ሆይ፣ ያን ለት የቆምኩበት ቦታ ጠቦኝ ነበር።

የሚከተለው አቤቱታ ይሁን ምስጋና ስላልለየሁት ቁጥር ሳልሰጠው አልፋለሁ። በማግስቱ እሑድ ዘውገ ሲባጎ፣ ችካልና ውሃ የተሞላ የጎማ ቱቦ ይዞ መጣ። በቱቦው ጫፍና ጫፍ ያለውን የውሃ ልክ እያየ የቦታውን ዝቅታ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ለካ፤ የስላይድ ሩሉም አቧራ ያን ቀን ተራገፈ። የአንዋር መስጊድ ሰፈር ጎረምሶች አካፋ ይዘው መጡ፤ ተሸካሚዎቹም ገቡበት፤ ሁሪያ እንኳ ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋይ አቀበለች። «ግራ በኩል አንድ ስንዝር ጨምሩ» ሲላቸው አንዱ ተሸካሚ «እሺ ጌታው፣ የለም የተባልከው አንተ ነህ አይደል?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። በሦስት እሑድ ቦዩ አለቀ። የነሐሴ ዝናብ እንደ ወትሮው ወረደ፤ ውሃው ግን በተሰመረለት መንገድ ሄደ፤ አንድ ጆንያ እንኳ አልራሰም።

ክቡርነትዎም ወዲያውኑ መልስ በመስጠት አስደንቀውናል። ለአቤቱታው ሁለት ወር የፈጀው መምሪያ፣ ስለ ቦዩ ከሰማ በኋላ ለቅጣቱ ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም። ዘውገ ያለ ፈቃድ የምህንድስና ሥራ ሠርቷል ተብሎ የአሥር ቀን ደመወዝ መቀጣቱን የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ትናንት ከእናቱ ሱቅ ደርሷል። እትዬ ሠርኬ ማንበብ ስለማይችሉ ሙሉብርሃን ታነብላቸው ጀመር፤ እኔም ለምክር እንደገና ተይዤ እዚያው ነበርኩ። የደብዳቤው የመጀመሪያ ቃል «ለመሐንዲስ ዘውገ» ይላል። እናትየው እዚያው ላይ አስቆሟት፤ «ድገሚው» አሏት፤ ደገመችው። «አሁንም» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ከሰሙ በኋላ ቅጣቱን የሚናገረውን ቀሪውን በኋላ እኔ አየሁት እንጂ እሳቸው አላስነበቡም። መንግሥት ልጃቸውን በማዕረጉ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ በእሳቸው ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከዚያም እጃቸውን ጆንያ ውስጥ ሰደው አንድ ዛላ በርበሬ አወጡ፤ ሰበሩት፤ ኮሽ አለ። «እኔ የቀረውን አላውቅም» አሉኝ። «ሠላሳ ክረምት እዚህ ስቀመጥ ነሐሴ ላይ ደረቅ በርበሬ ስሸጥ የአሁኑ የመጀመሪያዬ ነው። አስናቀው፣ ምክርህ ይቅርብኝ። ሙሉብርሃን፣ ወረቀትሽን አዘጋጂ፤ ነገ እንሄዳለን።» በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው የማያውቁት ሴትዮ ዛሬ ጠዋት ዘግተው ሄደዋል። ይህን የምጽፈው እነሱ ተመዝግበው እስኪመለሱ መቀመጥ አቅቶኝ፣ ከተዘጋው ሱቅ ፊት ለፊት ወዲህና ወዲያ እያልኩ ነው።

እንግዲህ እናት ወስነዋል፤ የቀረነው እኔና ክቡርነትዎ ነን። ልጅቷ ከወንድሟ የበለጠ ብትማር፣ በመዝገብ ቤቱ ከእሱ አጠገብ ሌላ ወንበር ይጨመርላት ይሆን እያልኩ መስጋቴን አልደብቅዎትም። ስለዚህ ከዛሬው በጀት ይዘው እንዲጠብቋት፣ የወንድሟንም የአሥር ቀን ደመወዝ እንዲመልሱለት ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ለተነፈገን ቦይ፣ ለተመረቀልን ረዳት ጸሐፊና በስሕተት ለተጻፈችው አንዲት እውነተኛ ቃል ዘወትር ባለ ዕዳ የሆንኩ፣ ጫማው ከክቡርነትዎ ጫማ ጋር ሊወዳደር የማይገባው ትሑት አክባሪዎ፣

አስናቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሙሉብርሃን አሁን ተመዝግባ ተመልሳ ይህን ደብዳቤ አነበበችው። ስለ ደመወዝም ስለ በጀትም አንድ ቃል አላነሳችም፤ የጠየቀችኝ ክቡርነትዎ ጡረታ ሊወጡ ስንት ዓመት እንደቀረዎት ብቻ ነው። ስድስት አልኳት። አምስቱ ለትምህርቴ፣ አንዱ ለአገልግሎቴ፤ ይበቃኛል ብላለች።