ከሦስተኛው ቤዝ ዞር በልለት

ውድ አባዬ፣

መሞትህን አውቃለሁ። ቀብርህ ላይ ነበርኩ፤ እማዬ በግድ ያለበሰችኝ ጥቁር ቀሚስ ብብቴን ሲበላኝ ነው የዋለው። ለአንተ ግን የነገረህ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰው ከሞተ በኋላ ሥራ አይገባም፣ አባዬ!

ቅዳሜ የቤዝቦል ጨዋታ አለ። በአንተ ቦታ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ የተቀጠረው ኮልቢ የሚባል ልጅ፣ ቅዳሜ ቤዝ የሚዞሩት ሯጮች እንደገና ካበላሹ ይባረራል። ሯጮቹ ደግሞ እሱን አይሰሙም። የሚሰሙት አንተን ነው።

እማዬ ይሄን ብታነብ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች። አንተ ግን ሥራውን ታውቀዋለህ። ሁለተኛውን ቤዝ የሚዞር ልጅ ኳሱ ከጀርባው ስለሆነ አያየውም። የሚያየው ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ የቆመውን ረዳት አሰልጣኝ እጅ ብቻ ነው። ሁለት እጅ ወደ ላይ ከሆነ፣ ቁም። ክንዱ እንደ መንኮራኩር ከዞረ፣ ወደ ቤት ቤዝ፣ ወደ መነሻህ ብረር፣ ነጥብ ነው። ሌላ ሰው የዓይኑን ያህል የሚያምንህ ሥራ የትም የለም ትለኝ ነበር። ለዚህች ሥራ ስትል ያላሳየኸን አገር የለም።

ቴክሳስ ላይ ያለ ደመወዝ ጀመርክ፤ ጠዋት የሰው ቤት ቀለም ትቀባለህ፣ ከሰዓት ለተማሪዎች ኳስ ትመታለህ። አክስቴ “በነጻ ነው እንዴ የሚሠራው?” ስትል እማዬ “ኧረ እኛ ነን የምንከፍለው” አለቻት። ከዛ ሚዙሪ። እዛ እንኳን ደመወዝ ነበረህ፤ ግን ዋና አሰልጣኙ ተባረረና ረዳቶቹም አብረው ተጠረጉ፣ ደንቡ ነው ተባለ። ከዛ አርካንሳስ። ከዛ ኦክላሆማ። ከዛ ይሄ ነፋሱ ኮፍያ የማያስቀምጠው የካንሳስ ከተማ። በየመንገዱ መኪና ውስጥ ያው አንድ ዘፈን ነው፤ “ዊላዬ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዋና አሰልጣኝ እሆናለሁ፤ ቤት እንገዛለን፤ ውሻ እንገዛልሻለን።” ለውሻው ስም ሁሉ አውጥተንለት ነበር። ገና ያልተወለደ ውሻ ስንት አገር ዞረ! አዲስ ክፍል ገብቼ “ከየት ነሽ?” ሲሉኝ “አባቴን የቀጠረውን ሰውዬ ጠይቁት” እላቸው ነበር።

ባለፈው መኸር አንድ ኳስ ወርዋሪ ልጅ ልትመለምል ሄደህ፣ ስትመለስ ነዳጅ ማደያ ጋ ሞተሩ እንደበራ ቀረህ። የማደያው ሰውዬ “ደክሞት ያንቀላፋ መስሎኝ አልቀሰቀስኩትም” አለን። እኔም ብሆን አልቀሰቅስህም ነበር። ደክሞህ ነበር እኮ።

ተቀብረህ ብዙም ሳይቆይ፣ ምሳ ላይ አንድ ልጅ “ያንቺ አባት እኮ የሚከፈለው እጁን ለማወናጨፍ ነበር” አለኝ። የምሳ ትሪዬን ፊቱ ላይ ሰበርኩት። ርዕሰ መምህሩ “ይቅርታ ጠይቂ!” አለኝ። “ትሪውን?” አልኩት። በዛው ወጣሁ፣ አልተመለስኩም።

ኮልቢ ሚስቱን ይዞ ሲመጣ በጣም ነው የጠላሁት። በኖራ መስመር በተከበበችው ቦታህ ላይ ይቆማል። መስመሩን እንዳይረግጥ በእግር ጣቱ ነው የሚሄደው፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል። አንተ እኮ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ የኋላውን መስመር በጫማህ ፍቀህ ታጠፋዋለህ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ሯጩ ዴሾን ሁለተኛውን ቤዝ ዞረ። ኮልቢ ሁለት እጁን ሰቅሏል፤ ቁም። የዴሾን ዓይን ግን ኮልቢ ላይ አልነበረም። ከሱ በስተግራ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ፣ አንተ የምትቆምበት ጋ ነበር። እዛ ማንም የለም። ልጁ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሦስተኛውን ዞረና ቤት ቤዝ ገባ። እኔ አጥሩ ላይ ነበርኩ፤ ወንበሩ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ሲያወሩ ሰማኋቸው።

“እጁን አላየህም እንዴ አንተ?”

“አየሁ እንጂ። ኮች ሂድ አለኝ።”

“ደንቆሮ! ኮልቢ እኮ ቁም ነው ያለህ!”

“ኮልቢን ማን አነሳ?” አለ ዴሾን።

አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

እውነቱን ልንገርህ? ደስ አለኝ። ሰዉ ሲበተን አጥሩን ዘልዬ ቦታህ ድረስ ሄድኩ። የኋላው መስመር ተፍቋል። ፀሐይ አናቴ ላይ እያለ ብርድ ብርድ አለኝ።

ከዛ በኋላ ሁሉም እያዩህ መጡ። ዝም ብለው ይሮጣሉ፣ ይገባሉ፣ እናሸንፋለን። ባለፈው ግን ጋሬትን ላክኸው። ኳሱ ቀድሞት ደርሷል። ቤት ቤዙን የሚጠብቀው ተቀባይ ኳሱን ይዞ፣ ተደላድሎ ነው የጠበቀው። ሲጋጩ የጋሬት ትከሻ ሲሰበር ድምፁ አጥሩ ድረስ ተሰማ። ዋናው አሰልጣኝ ፕሩይት፣ ዓይኑ ኳሱ ላይ ስለነበር ምንም አላየም፤ እየጮኸ መጣ።

“ማነው ይሄን ልጅ የላከው?”

ጋሬት መሬት ላይ ተኝቶ ከንፈሩን ነከሰ። የሞተ ሰው ላከኝ አይል ነገር።

“እኔ ነኝ፣ ኮች” አለ ኮልቢ።

“ቅዳሜ እንዲህ ያለ ጉድ ባይ ዕቃህን ሸክፍ! ሰማህ?”

“እሺ ኮች።”

ሁለቱንም እጁን ሰቅሎ አይቼዋለሁ እኮ! ደሜ ፈላ። መኪናው ጋ ጠብቄ ያዝኩት።

“ለምን ትዋሻለህ?”

“ረዳት አሰልጣኝ ተጫዋቹን አያሳጣም” አለኝ። ከዛ ቁልፉን እያሻሸ “አባትሽ የት ጋ ነበር የሚቆመው? አሳዪኝ፣ ቦታ ልልቀቅለት” አለኝ።

አባዬ፣ እያሾፈ መስሎኝ ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኑ ግን አያሾፍም።

በማግስቱ ልብስ ማጠቢያው ቤት ሚስቱን ማሪሶልን አገኘኋት። ሆዷ ገፍቷል። ቅርጫቷን ተሸክሜ ቤቷ አደረስኳት። ካርቶኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው እንደታሸጉ ናቸው።

“ለምንድነው የማትፈቺው?”

“ኧረ ዝም በይ! ድስቶቼን ያወጣሁ ቀን ነው የምንባረረው” ብላ ሳቀች። “አርካንሳስ ላይ እንደዛ ነው የሆነው።”

የእማዬ ሳቅ ነው፤ አፏን በእጇ ይዛ። ሆዷን አየሁት። እዛ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ።

አንተ መላክ ብቻ ነው የምታውቀው። “የቆመ ምንም አያገኝም” ትል ነበር። እኔ ግን በየከተማው፣ ገና ጓደኛ ሳገኝ፣ ሁለት እጅህን ሰቅለህ “በቃ፣ እዚህ እንቁም” ትለናለህ ብዬ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። ኦክላሆማ ላይ ጠልቼህ ነበር። ነግሬህ አላውቅም። አሁን አልጠላህም፤ ግን ተናድጄብሃለሁ፤ ሞትህ ንዴቴን አልቀነሰውም። ኮልቢ “ቁም” ማለት ይችላል፣ አባዬ። ይቺን ነገር አንተ አትችልም ነበር። ዞር በልለት።

ብቻህን ሂድ አልልህም። ቅዳሜ ወደ እኔ ና። አንድ ጨዋታ አብረን ቁጭ ብለን አይተን እኮ አናውቅም፤ አንተ ሁሌ ሜዳ ውስጥ፣ እኔ ሁሌ አጥር ላይ። ከቤት ቤዝ በስተኋላ፣ ላይኛው አግዳሚ ላይ እሆናለሁ፣ ነፋስ በማይደርስበት በኩል። አጠገቤ ጃኬቴን አስቀምጣለሁ። ሰው መጥቶ “ተይዟል?” ካለኝ፣ “አዎ፣ አባቴ እየመጣ ነው” እለዋለሁ።

ልጅህ
ዊላ