በእማዬ ስም የተጻፈው

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ስትነሳ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ትላለህ? ባለቤትህስ? መንትዮቹስ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷ እንደሆነ ከዓመት ዓመት እየተሳለ ነው።

በስልክ መናገር ስትችል ወረቀት ምን አስያዘሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስልኩን ስለማላምነው ነው። ፖስታ ቤቱንም አላመንኩትም፤ ወደ እናንተ የሚመጣው ጎረቤታችን አናጢው ነው የሚያደርስልህ። ለእሱም ቢሆን የእማዬ የመድኃኒት ማዘዣ ነው ብዬዋለሁ። ፖስታውን ሁለት ጊዜ ሙጫ ቀብቼዋለሁና ሲደርስህ ሙጫውን ደህና አድርገህ እይልኝ። አትሳቅ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። በምሠራበት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ አንሶላ የምንተኩስበት ትልቁ ማሽን መከለያው ከተነቀለ ሰባት ወር ሆኖታል። ብንናገር ብንናገር ሰሚ ጠፋ። በመጨረሻ አጠገቤ የምትሠራዋ ጓደኛዬ፣ ቀጭኗ የምንላት፣ እጇ ተቃጠለ። እኔም ንድድ ብሎኝ «የጓሮ ድመት» በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ ጻፍኩት። ብዙ ሰው አነበበው። ከዚያ ወዲህ ኃላፊያችን ሥራው ድመት ፍለጋ ሆኗል።

ባለፈው ሰኞ በምሳ ሰዓት ሬዲዮው አዲስ ረቂቅ ሕግ መዘጋጀቱን ተናገረ። ኢንተርኔት ላይ የሚጽፍ ሁሉ በመታወቂያውና በስልክ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ማን ምን እንደጻፈ፣ ምን ከፍቶ እንዳየ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ገና ሐሳብ ነው፣ አልጸደቀም አሉ። ኃላፊያችን ማንኪያውን አስቀምጦ፣ የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል አለና አንድ በአንድ አየን። ታዲያ አንተ መሳቢያህን ለምን ትቆልፋለህ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት።

የገረመችኝ ቀጭኗ ናት። «ይምጣ ሕጉ!» አለች። ለካ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የልጇን ፎቶ እየለጠፈ ሲሳለቅባት ከርሟል፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ ጠልታለች። እውነቷን ነው። ግን ለዚያ ባለጌ የሚዘረጋው መረብ እኔንም ይዞ እንደሚወጣ ይታየኛል። ድመቷ እኔ መሆኔን ቀጭኗ ትወቅ አትወቅ እንጃ። እጇ ስለተቃጠለ የጻፍኩላትን ሴት መጠርጠር ጀመርኩ፤ ያሳፍራል።

ወደ ቤት ስሄድ መሐል መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ የምጽፍበት የስልክ መስመር ያንተ የነበረው ነው። ስታወጣው መታወቂያህ ጠፍቶብህ በማን ስም አስመዘገብከው? በእማዬ! አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ የፈረመችው እሷ ናት። እንግዲህ ሕጉ ከወጣ፣ የጓሮ ድመት ተብላ የምትጠራው ፊደል ያልቆጠረችው እናታችን ናት።

ቤት እንደገባሁ ጽሑፉን ልሰርዝ ስልኩን አወጣሁ። እማዬ የሸሚዝ ቁልፍ እየሰፋች ነበር። ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ እሷን መዋሸት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ትቆጣለች ስል፣ በእኔ ስም ከሆነማ አንብቢልኝ አለች። መርፌዋን እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ውሸት አለበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ የለበትም አልኳት። ማሽኑስ ተሠራ ወይ አለች፤ አልተሠራም አልኳት። «ታዲያ ምኑን ነው የምትሰርዢው? ከጠሩኝ ሄጄ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ» አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አፈርኩ። እንባዬም መጣ። አልሰረዝኩትም። ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቄ መስመሩን በራሴ ስም አዞረዋለሁ፤ ከእንግዲህ የምጽፈው በእኔ ይምጣ። ይህን ስነግራት «ቀማሽኝ» ብላ አኮረፈች፤ ያለፈውን እንዳልነካው አስምላኛለች። ደግሞም፣ ይህን ያህል የጻፈ ሰው ቢጠሩት በአውራ ጣት አይፈርምም ብላ ፊደል አሳዪኝ አለች። ሳምንቱን ሙሉ በድሮ ደብተሬ ጀርባ ላይ ስትሞነጭር ሰነበተች። ስልኩ ግን በፎጣ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሱን እንኳ እሷም አታምነውም።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ለመንትዮቹ አክስታችሁ ትናፍቃችኋለች በላቸው፤ ፎቶአቸውን ግን የትም አትለጥፍ። አማትህንም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ።

ከታች ያሉትን አራት ጠማማ ፊደሎች የጻፈችው እማዬ ናት፤ እጇን አልያዝኩላትም። እነሱ የሌሉበት ደብዳቤ ከደረሰህ፣ ሙጫው ደህና ቢሆን እንኳ፣ ከእኛ አይደለም።

ከእማዬ ቤት፣ እሑድ ጥቅምት 19 ቀን
እህትህ

እናትህ