ድፍርሱን ቢራ አታጣሪው

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቤቴ አለኝታ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ክረምት ላይ የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ነው? አማትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ከእኔ በላይ አያረጅም። ሰላምታዬ ገና አላለቀም፣ ግን ሆዴ አልችል ብሎኛልና ነገሩን ላስቀድም።

እሑድ በስልክ ያልሁሽን እርሺው። ቢራሽን አታጣሪው። ለቅዳሜ እንደ ደፈረሰ አቅርቢው። የቀረውን ማንበብ ቢሰለችሽ እንኳ ይቺን ያዢልኝ።

በአውቶቡስ የላክሻቸው ሁለት ጠርሙሶች ከነወረቀትሽ እሑድ ደረሱኝ። እንደ አሜሪካኖቹ በስንዴ የጠመቅሁት ነው፣ ቅዳሜ የፋብሪካው ባለቤቶች ቀምሰው ከወደዱት ዋና ጠማቂ ያደርጉኛል፣ አባባ መጀመሪያ አንተ ፍረድልኝ ያልሽውን እየደጋገምሁ አነበብሁት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ፊቴን አይታ ምነው ዛሬ፣ ሚስት ልታገባ ነው እንዴ አለችኝ። ዝም በይ፣ ልጄ ዳኛ አድርጋኛለች አልኋት።

ከዚያ የለመድሁትን አደረግሁ። ጠርሙሱን አንገቱን ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ዕድሜዬን ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ከነጩ መብራት ፊት ተቀምጬ ጉድፍ ያለበትንና የደፈረሰውን ጠርሙስ እየነጠልሁ ሳወጣ ነው የኖርሁት። ያንቺው ደግሞ የጠዋት ጉም ይመስላል፣ ማዶው አይታይም። ክው አልሁ። አንዱን ከፍቼ ሳልቀምስ ማጠቢያው ላይ ደፋሁት። የልብስ ሰፊዋን ስልክ ተውሼም ይሄ የተበላሸ ነው፣ ሳታጣሪ እንዳታቀርቢ፣ ስሜን አታሰድቢ አልሁሽ። እሺ አባባ ብለሽ ዘጋሽው። እንደ እናትሽ ነፍሷን ይማርና ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁት በቱቦ ሄደ።

ማክሰኞ የድሮው አለቃዬ፣ ያ ጠማቂው፣ ሊጠይቀኝ መጣ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ባሳየው ሳቀብኝ። አንተ ሽማግሌ፣ የስንዴ ቢራ እኮ ነው፣ ስንዴው ነው ያደፈረሰው፣ ብታጣራው ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል አለኝ። ለዓይንህ እንጂ ለምላስህ መቼ ደሞዝ ተከፈለህ ብሎም ጨመረልኝ። በሩን ላሳየው ምንም አልቀረኝም፤ ግን ብርጭቆ አነሳሁ።

ፍርዴ ይኸውልሽ። አረፋው ነጭና ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይከስምም። አሁን ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይሸታል፣ ቆየት ብሎ የብርቱካን ልጣጭ ይመጣል። የጀርመኖቹ የስንዴ ቢራ ሙዝና ቅርንፉድ እንደሚሸት አለቃዬ ነገረኝ፤ ያንቺ ያ የለበትም፣ የአሜሪካኖቹም እንዲሁ ነው አለ። አፍ ላይ ይለሰልሳል፣ ሲዋጥ ይቀላል፣ መጨረሻው ኮምጠጥ ብሎ ድገመኝ ይላል። ምሬቱ ግን አነሰችኝ። አለቃዬ ልኩ ነው ብሎ ተሟገተኝ፤ እኔ አነሰች ብያለሁ፣ አነሰች። የቀረውን አተላ ሳይቀር አዙረን ጠጣነው።

ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስልክሽ አይነሳም። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ እሺ ካልሽ እሺ ነው። ያ ቀይ ቀሚስ አይሆንሽም ባልሁሽ ቀን አንድ ቃል ሳትመልሺ አጥፈሽ ለአክስትሽ ልጅ ሰጠሻት። አሁንም ማጣሪያው ፊት ቆመሽ፣ ለእኔ ስትዪ ድካምሽን ሁሉ ውሃ ስታደርጊው ይታየኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ።

ይህን ደብዳቤ የአውቶቡሱ ሹፌር ነገ ያደርስልሻል፤ ፋብሪካው በር ድረስ እሄዳለሁ ብሎ ምሎልኛል። ያጣራሽው ካለ ተዪው፤ ከበርሜል ግርጌ የቀረሽ ድፍርስ ካለ፣ ትንሽም ቢሆን እሱን ቅጂላቸው። ምንም ካልቀረሽ አባቴ ነው አጣሪው ያለኝ በያቸው፣ መጥቼ እመሰክራለሁ። ስሜን አታሰድቢ ብዬሽ ነበር። የእኔን ስም ተዪውና የራስሽን ያዢ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ዝምታው ይናፍቀኛል። አማትሽን ጉልበታቸውን እግዜር ይማርልኝ በያቸው። ትልቋን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ያን እሳት ልጅ ደግሞ ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጊና አያትህ ነው በይው።

ደብዳቤው ሲደርስሽ በልብስ ሰፊዋ ስልክ አንዴ ደውለሽ ዝጊ። መናገር ባትፈልጊ ግድ የለም፣ ጥሪውን ልስማ ብቻ። ወንበር አውጥቼ ደጇ ተቀምጫለሁ።

አባትሽ
ከልብስ ሰፊዋ ደጃፍ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 11 ቀን