ሜሮን ስትወድቅ ቁጭ ማለት

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ጠዋት 3 ሰ.

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አስቴር ናት። አፉ የኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ያልጣማትን መዝለል ትፈልጋለች፤ አንድም ቃል እንዳትዘልዪ ብያታለሁ። ደብተር፣ አንተም ታዘብ።

ትናንት ከሰዓት ዋይት ሴንተር የሚባለው ሰፈር፣ የትግል አዳራሽ ነበርኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሜሮን የአስቴር ልጅ ናት፤ ለኔ የልጅ ልጄ። ሃያ አራት ዓመቷ። ሬስሊንግ፣ የፈረንጅ ትግል፣ ትጫወታለች። አስቴር አንድም ቀን ሄዳ አላየችም። ልጄ ስትረገጥ አላይም ትላለች። ይህንንም ጻፊ።

ስንሄድ መኪና ውስጥ ሜሮን ነገረችኝ። የትርዒቱ አዘጋጅ ጠርቷት፣ ጉልበትሽ ጥሩ ነው፣ ሕዝቡ ግን አይሞቅልሽም ብሏታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ትርዒት ካልሞቀ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። ሦስት ዓመት የለፋችበት ቦታ። "ኢትስ ኦኬ፣ አባባ" አለች። ኦኬ እንዳልሆነ ድምጿ ይናገራል።

ከዚያ ጨዋታው። ቀይ የለበሰች ግዙፍ ሴት ሜሮንን በፀጉሯ ጎትታ ጣለቻት። ጀርባዋን ረገጠች። ተነጋግረው የሚሠሩት መሆኑን አውቃለሁ፤ ተነግሮኛል። እግሬ ግን አልተነገረውም። ሰው ሲደባደብ ቁጭ ብሎ ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ተነሳሁ። ገመዱ ድረስ ሄድኩ። ኮቴን አውልቄ መሀላቸው ወረወርኩና በሕግ አምላክ! አልኩ። ሴትዮዋ አማርኛ አትሰማም። ግን እግሯን አየር ላይ እንዳነሳች ቀጥ አለች። አዳራሹ አበደ።

ሜሮን እስከ ሰፈራችን ኦቴሎ ድረስ አላናገረችኝም። እኔ ግን፣ ምን እዋሽሃለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ 11፣ ከሰዓት

አዘጋጁ ለሜሮን ኮል አደረገላት። አያትሽን አምጪ አላት። ከፊት ወንበር ይይዝልኛል።

ሱቅ ወረድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። ባለሱቁ ከሚዛኑ ቀና ብሎ፣ "ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊገላግሉ ነው?" አለኝ። አንተንና ሚስትህን አልኩት። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ሚስቱም።

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ገና አሁን ታወቅሁ።

እሑድ፣ 16፣ ጠዋት

ትናንትም ተነሳሁ። ኮት ወረወርኩ። ነጎድጓድ። ፈረንጁም ሜክሲኮውም በሕግ አምላክ እያለ ይከተለኛል።

ግን አንድ ነገር አየሁ። አልወደድኩትም። ሜሮን ወለሉ ላይ ተዘርራ ማንም እሷን አያይም። የሚያዩት እኔን ነው፤ መቼ ይነሳል እያሉ። ኋላ ያችን ግዙፍ ሴት ከመሬት አንስታ ጣለቻት። እንዴት ያለ አጣጣል! ያየኋት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሲያልቅ ሰው ከኔ ጋር ፎቶ ሊነሳ ተሰለፈ። ሜሮን ጥግ ላይ ኮቴን ይዛ ቆማለች። ኮት ያዥ።

ማታ እራት አልበላሁም።

ረቡዕ፣ 19

ሦስት ቀን አሰብኩ። ሕዝብ ምኑን ነው የሚወደው? ጉልበት ቢሆን ቀይ ለባሿን በወደዷት። እሷን ይሰድቧታል፤ ደስ እያላቸው። መልክም አይደለም። ሰው የሚወደው፣ እኔ ካልጮህኩላት አትነሳም ብሎ የሚያስባትን ነው። ያ የሕዝቡ ሥራ ነበር። እኔ ቀማኋቸው።

ሌላም አለ። ሜሮን ስትወድቅ ወዲያው ዘላ ትነሳለች፤ ምንም እንዳልነካት። ማን አስተማራት? እኔ። በሰባት ዓመቷ ከብስክሌት ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ፣ ሲያምሽ ለሰው አታሳዪ አልኳት። ለእናቷም በልጅነቷ ያልኳት እሱኑ ነው። ተሳስቻለሁ።

ዛሬ ሜሮንን አስቀምጬ ነገርኳት። ውደቂ። ቶሎ አትነሺ። ዓይን ዓይናቸውን እዪ። ጠብቂ። እኔ አልነሳም። ቃል? አለችኝ። ቃል።

አስቴር ብዕሩን አቆመች። ምን ሆንሽ? ምንም ትላለች። ጻፊ እንግዲህ።

እሑድ፣ 23

ያ የቁርጥ ቀን ትርዒት ትናንት ነበር። ተቀመጥኩ። ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ። ቀይ ለባሿ ረገጠቻት። አዳራሹ ወደኔ ዞረ። ጣራ ጣራውን አየሁ። ከኋላ አንዱ ትከሻዬን ይነቀንቃል፤ ሽማግሌው፣ ተነስ ነው የሚለው። መርካቶ ኬሻ ተሸክሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደዚያ ወንበር የከበደኝ ኬሻ የለም።

ሜሮን አልተነሳችም። ቀና ብላ ሰዉን አየች። ሕመሙ ፊቷ ላይ አለ። ቤቱ ጸጥ። ከዚያ አንዲት የነርስ ልብስ የለበሰች ሴት ተነሳች። ሜሮን! አለች። ቀጥሎ ረድፉ። ቀጥሎ ቤቱ ሁሉ። ወለሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። በአንድ ጉልበቷ ተነሳች። ከዚያ ቆመች። እኔን ያየ አንድ ሰው የለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

አዘጋጁ ቦታው ያንቺ ነው አላት። በኅዳር ታኮማ ከተማ፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ የመዝጊያውን ግጥሚያ ሰጥቷታል። በመልሱ መንገድ አፏን አልዘጋችም፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም ገብቶኛል።

ማክሰኞ፣ 25፣ ጠዋት 4 ሰ.

ወስኛለሁ። ታኮማ አልሄድም። አንዴ ቃሌን ጠበቅሁ፤ ለሁለተኛው እግሬን አላምነውም። ከፊት ያለው ወንበር ግን ባዶ አይቀርም። አስቴር ትቀመጥበታለች።

አልችልም አለች። ስትረገጥ ማየት አልችልም።

ወንበሩ እኮ ለማይችል ሰው ነው አልኳት። ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ። ሰው ይይሽ። ልጅ ሳለሽ ያልኩሽን ተዪው።

እጄ ደከመ አለች። ቆይታ፣ በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው ብላ ጠየቀችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት አልኳት። እሱንም ጻፊው።

በይ አሁን ከላይ ጀምሪና አንብቢልኝ፤ ያልኩትን ልስማው።