ሁለት ሚሊሜትር

ውድ እህቴ፣

ከጋራዣችን ከወጣሽ ሦስት ወር ሆነሽ። ለአባዬም እንደማትደውዪለት አውቃለሁ፤ ምሳውን ሲበላ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አድርጎ ሲጠብቅ አየዋለሁ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እቀናብሽ ነበር። ክፉኛ። አሥራ ስምንት ዓመት የከባድ መኪና ፍሬን ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ አንቺ ከትምህርት ቤት ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ብቅ ባልሽ በሁለት ወርሽ ሹፌሩ ሁሉ "ትንሿ የለችም?" ማለት ጀመረ። እኔ እዚያው ቆሜ! ይባስ ብሎ መፍቻ ያስጨበጠኝ የገዛ አባታችን፣ "የከባድ መኪናዬን ፍሬን ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካ" አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ለሹፌሮቹ የምትናገሪው ዛሬም በቃሌ ነው። "ጎማው ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ ሴንሰሩ ጥርሶቹን ይቆጥራል። ፍሬን ስትረግጡ አንዱ ጎማ ሊታሰር ሲል ኮምፒውተሩ ያውቅና ቫልቩን ያዝዛል። ቫልቩ ከዚያ ጎማ አየር ለቀቅ ያደርጋል፣ መልሶ ይሰጣል፣ ደግሞ ለቀቅ፤ በአንድ ሰከንድ ብዙ ጊዜ። ጎማ ታስሮ ከተንሸራተተ እኮ መሪ ብታዞሩም አይሰማችሁም!" አፋቸውን ከፍተው ይሰሙሻል። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ጥርሴን እነክሳለሁ።

የአባዬን የፊት ግራ ሴንሰር የቀየርሽ ዕለት፣ ቀለበቱን እስኪነካ ገፋሽው፤ መኪናውን ትንሽ ነድተሽም ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት መጥፋቷን አየሽ። እንደ ልማድሽ ሽቦውን በንጹሕ ጨርቅ ወልውለሽ እጅሽን ልትታጠቢ ሄድሽ። እኔ ገባሁና ሽቦውን ይዤ ሴንሰሩን ሁለት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ሳብኩት። ሴንሰሩ ከራቀ ጥርሱን በደንብ አያነብም፤ መብራቷ መንገድ ላይ ትበራለች፤ አባዬ ተመልሶ ይወቅስሻል። ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ፍሬኑ ራሱ ስለሚሠራ ምንም አይመጣም ብዬ ነበር።

ዝናቡን አላሰብኩትም። አባዬ መብራቷን አይቶ ወደ አንቺ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዘ። የግራው ጎማ ታሰረ፤ ያ ሁሉ ብረት ተንሸራቶ የቆመው ቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ትምህርት ቤት አጥር ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ነው። ሲደርስ ከንፈሩ ደም አልነበረውም። አንቺ መኪናው ሥር ገባሽ፤ እኔም አብሬሽ ጎንበስ አልኩ። ሽቦው ላይ በግራሶ ቅባት የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል። እጄን አየሽ፤ ቀና ብለሽ እኔን አየሽ። ከዚያ ጨርቅሽን አውጥተሽ ጠረግሽው። ወጥተሽም፣ "አባዬ፣ እስከ መጨረሻው አልገፋሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው" አልሽ።

"አንቺን አምኜ!" አለሽ። በሳምንቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተሽ ሄድሽ። እኔም የተመኘሁትን አገኘሁ፤ አባዬ ፍሬኑን ለኔ ሰጠኝ። በነካሁት ቁጥር ሴንሰሩን ሦስት ጊዜ መልሼ እገፋዋለሁ።

ትናንት ሁሉንም ነገርኩት፣ ሠራተኛው ባለበት። በጥፊ ይለኛል ብዬ ነበር። "እሷ ታውቅ ነበር?" ብቻ አለ። "ታውቅ ነበር" ስለው ጋቢና ውስጥ ገባ፤ መኪናውን አስነሥቶ ጋራዡ በር ላይ አገደመውና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። "እሷ እስክትመጣ ንቅንቅ አይልም። ሂድና አምጣት።"

ይኸው ሁለተኛ ቀኑ። መኪና አይገባ፣ አይወጣ። ደንበኛው ይሳደባል፤ አባዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። እኔ እሱን እያየሁ በልቤ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? "እኔ ብሄድ ኖሮ እንዲህ በር ይዘጋልኝ ነበር?" በዚህ ሰዓት እንኳ!

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ይህን ወረቀት በእጄ ነው የምሰጥሽ፤ ፊትሽን እያየሁ በአፌ ልናገረው አልችልም። ይቅር በይኝ። ይቅር ማለት ካቃተሽም ግዴለም፣ ብቻ አብረን እንመለስ። ቅናቱ እንደሁ የሚለቀኝ አይመስለኝም፤ እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ ልቅናብሽ።

ወንድምሽ