ውሃ ልጨምር?

ይድረስ ለልጄ ለኪርሲ፤ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሐይቁ በረዶ ሆኗል። ጎረቤታችን ቬይኮ «አንተ ሽማግሌ፣ ወገብህ ይቀነጠሳል!» ብሎ እንጨቱን ፈለጠልኝ።

እናትሽን ከቀበርን ወዲህ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሳውናውን፣ አነደድኩ። ዕድሜ ልኳን ላይኛው መቀመጫ የእሷ ነበር። የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ከመድፋቴ በፊት እንደ ወጉ «ልጨምር?» እላታለሁ። «ጨምር እንጂ፣ አንተ ፈሪ!» ትለኛለች። አርጅታ፣ ደግፌ እያወጣኋት እንኳ መልሷ ያው ነበር።

ትናንትም ረስቼ «ልጨምር?» አልኩ። መልስ ስጠብቅ ድንጋዩ ቀዘቀዘ።

ብርድ እንዳይመታሽ፣ ልጄ። ዕድሜሽን እንደ እሷ ያርዝመው። ለገና ከቻልሽ ነዪና ላይኛው መቀመጫ ላይ ሆነሽ ስደቢኝ።

አባትሽ ኤይኖ