ገዳይህን አመቻችቼ አስቀመጥኩት

ውዴ ላቀው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአንድ ሳምንት ሆነህ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ቅዳሜ አወጣሁ። ሁለት ጋን ጠላ ጠምቄ የአቅሜን ደግሼ ነበር፤ ከሰፈሩ ግን አንድ ሰው አልመጣም። የንስሐ አባታችን እንኳ ጸሎቱን አድርሰው፣ ጠላውን ሳይቀምሱ ወጡ። ባንዳ ሆናለች ተብያለሁ። ለባሏ ገዳይ መቀመጫ የሰፋች ይሉኛል። መስፋቱንስ ሰፍቻለሁ፣ አልዋሹም። እውነቱን ከወንድምህ በቀር ለሕያው ብነግር ሳይመሽ ከጣልያን ምሽግ ይደርሳል፤ ስለዚህ ላንተ እጽፋለሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍ የራስህ ጥፋት ነው።

ያ የጣልያን መኮንን ለምን እንደገደለህ ታውቃለህ። በተማረከች የአርበኛ በቅሎ ላይ ያንተን ኮርቻ አገኙ። ስፌትህን ገበያው ሁሉ ያውቀዋልና አልካድክም። እኔ እግሩ ላይ ስወድቅ በጫማው ገፍቶኝ አለፈ። ያን ቀን ደምህን ሳልመልስ ላልሞት ማልሁ።

ሦስት ወር ቆይቶ ያው ሰው ከአስተርጓሚው ጋር ደጃችን ላይ ቆመ። የሞተር ብስክሌቱ መቀመጫ ብረት ላይ የተለጠፈ ስስ ቆዳ ነው፤ የአገራችን ድንጋይ ወገቡን ሰብሮታል። ስለዚህ ሞተሩን አቁሞ ከወታደሮቹ ጋር በካሚዮን ሲሄድ ከርሟል። የኮርቻ ሰፊው ሚስት እጇ ደኅና ነው ብለውት የሚመች እንድሠራለት መጣ። አየህ ድፍረት! አፈርህ ሳይደርቅ ከአንተ ቤት ምቾት ፈለገ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ውስጡ ወስፌ መቅበር ነበር። ነገር ግን ሰውየው ተጠራጣሪ ነው፤ በሚቀመጥበት ሁሉ አስቀድሞ አስተርጓሚውን ያስቀምጣል። ደግሞስ ቢወጋው ምን ይሆናል? ቁጭ ብዬ ሳስበው በሕይወት ያቆየው ያ የታመመ ወገቡ ነው። ወገቡ እስካመመው ድረስ በጠመንጃ ተከቦ ይሄዳል። የተመቸው ዕለት ብቻውን ይወጣል።

እንዳስተማርከኝ ሠራሁለት። የኮርቻ ነገር ከላይ ካለው ቆዳ ይልቅ ከውስጥ በሚሞላው ድልዳል ነው ትል የለ? አጥንቱ የሚያርፍበትን ለማየት ዐመድ ነፍቼ፣ አቡጀዲ አልብሼ ተቀመጥ አልኩት። ባሌን የገደለው ሰው ዐመድ ላይ ተቀመጠልኝ። እሱ ጨዋታ መስሎት ሳቀ፣ እኔም በሆዴ ሳቅሁ። የጤፍ ጭድ ሞላሁ፤ በማግስቱ ተጨፍልቆ ብረቱ ወጣ። የበግ ጠጉር ሞከርኩ፤ ሰመጠ፣ ደግሞም አቃጠለው። በመጨረሻ ለባላባቱ ኮርቻ ያስቀመጥከውን የፈረስ ጭራ ቀቅዬ፣ ጠምዝዤ፣ ከላዩ ስስ ሱፍ ደረብኩበት። ፊቱን ጠበብ፣ ኋላውን ሰፋ አደረግሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ነገር አልሠራሁም።

ይህን ስጽፍ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ የሞላሁልህ የመጀመሪያው ድልዳል ትዝ አለኝ። በእሱ ላይ ወደ ግራ አዘንብለህ ደብረ ኤልያስ ገበያ ስትገባ ሰው ሁሉ ሰክሯል ብሎ አማህ። አንተ ግን የሚስቴ ጥፋት ነው አላልክም፤ እስክትሞትም አላልክም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የነጠቁኝ።

መኮንኑ መቀመጫውን በጣም ወደደው። ሮብ ሮብ ብቻውን በሞተሩ ሮብ ገበያ እየወጣ ገበያውን መቆጣጠር ጀመረ። ጫካ ለገባው ወንድምህ ለአንለይ ቀኑንና ጠመዝማዛውን መንገድ ላክሁበት። በአምስተኛው ሮብ አገኙት። አንለይ እንደነገረኝ እየዘፈነ ነበር የመጣው፤ አንድ ጥይት በቃችው። በማግስቱ ወታደሮቹ መንገድ ዳር ሦስት ቤት አቃጠሉ። ሰዉ ሸሽቶ ነበር፣ እህሉ ግን ነደደ። ይህንንም አልደብቅህም፤ ለእህሉ አልቅሻለሁ፣ ለሰውየው ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም።

አንለይ እውነቱን ለሰፈሩ ልንገርና ስምሽ ይጽዳ ብሎ ለመነኝ። ከለከልኩት። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ሞተሩን ወታደሮቹ ጎትተው መልሰውታል፣ መቀመጫውም ደኅና ነው። ተተኪው መኮንን ተቀምጦበት በጣም ተመቸውና፣ ሞተር ያላቸው ሁለት ባልንጀሮቹም እንዲህ ያለ ይፈልጋሉ ብሎ ትናንት አስተርጓሚውን ላከብኝ። ጎረቤቶቻችን አስተርጓሚው ከቤቴ ሲወጣ አይተው አጥሬ ላይ ተፉ። ይትፉ። ስሜን አንተ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ አንተ ካወቅኸኝ ይበቃኛል።

እስክመጣ ድረስ አልረሳህም፣ ላቀው። አስተርጓሚውን እሺ ብዬ ሰደድኩት። ሁለቱ ባልንጀሮች ልካቸውን ለማስወሰድ ነገ ጠዋት ይመጣሉ።

ያንተው አትጠገብ